ከወንበር ተነሥቶ መቆም፦ በባዕድ አገር ለሚያረጁና አረጋውያንን ለሚጦሩ ወገኖች

ወላጆቻቸውን ወደሚኖሩበት አገር ያመጡ፣ ወይም ራሳቸው ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ወገኖች ስለ እርጅና ሲያማክሩኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ነው። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በተንከባካቢነት ያገለገልኩ እንደመሆኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እናትህ ከሶፋው ሲነሡ በእጃቸው ይደገፋሉ ወይ?

ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ ብዙ ያሳያል። አንድ አረጋዊ ሰው ጉልበታቸውን ሳያማቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር መነሣት ካቃታቸው፣ የጭናቸውና የዳሌያቸው ጡንቻ ደክሟል ማለት ነው፤ ከአልጋ፣ ከመኪናና ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ የሚያስነሣቸውም ያው ጡንቻ ነው። ልጆች አባት ወይም እናታቸውን ወደ መጦሪያ ሲያስገቡ የሚነግሩን የበሽታ ስም ነበር። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን፣ ሁሉም ሥራ በሚውልበት ቤት ውስጥ ሰውዬው ከመጸዳጃ ቤት ብቻቸውን መነሣት ማቆማቸው እንደሆነ የሚገለጥልኝ ጊዜ ብዙ ነበር።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ እቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ጎማና የእጅ መደገፊያ የሌለውን ወንበር ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። እናንተም አጠገባቸው ቁሙ። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 69 የሆነ ወንዶች ከ12 በታች፣ ሴቶች ደግሞ ከ11 በታች ከሆኑ የመውደቅ ስጋታቸው ከእኩዮቻቸው ከፍ ያለ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ለምሳሌ ከ80 እስከ 84 ላሉት 10 ለወንድ፣ 9 ለሴት ነው።

እዚህ ላይ የኛን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በአንድ ወዳጄ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ እናቱ ውሃ ሊቀዱ ወደ ሶፋው ጫፍ ቀረብ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ጎንበስ እንዳሉ ልጃቸው ብድግ ብሎ «እማዬ፣ ቁጭ በይ፣ ምን ላምጣልሽ?» አላቸው። እሳቸውም ተመልሰው ተደገፉ፤ ብርጭቆው መጣላቸው። ልጁ እናቱን ማክበሩ ነው፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያየሁት በቀን 20 ጊዜ ሊሆን ይችል የነበረ እንቅስቃሴ ሲሰረዝ ነው። በዚያ ላይ ቋንቋው ስለማይገባቸው ብቻቸውን አይወጡም፣ ክረምቱ በረዶ ነው፣ የሚሄዱበት ሁሉ በመኪና ከበር እስከ በር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። ሰው በፍቅር ተከብቦም ጡንቻው ሊሟሽሽ ይችላል።

ጡንቻ ሳይሠራ ሲቀር በአረጋዊ ሰው ላይ የሚከስምበት ፍጥነት ያስደነግጣል። ጤናማ አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት አንድ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ከእግራቸው 1 ኪሎ ግራም ገደማ ጡንቻ አጥተዋል። ስለዚህ ወላጃችሁ ሆስፒታል ከተኙ ነርሷን በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቋት «መቼ ነው መነሣትና መራመድ የሚፈቀድላቸው?» ብላችሁ ይሁን። በሌላ በኩል ያለው ዜና ደስ ያሰኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ የመጦሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንታት ክብደት በማንሣት ከሠሩ በኋላ የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። «ከእንግዲህማ አረጀሁ» የሚለውን አነጋገር ከዚያ ወዲህ በትሕትና እከራከረዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ የሚዛን ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ወገኖቻችን የመጀመሪያውን ክፍል በሚገባ ይዘውታል፤ «በየቀኑ እራመዳለሁ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የእግር ጉዞ ለልብ ድንቅ ነገር ሆኖ ሳለ የጭን ጡንቻን በበቂ አያጠነክርም፣ ሲደናቀፉም ሚዛንን ለመመለስ ብቻውን አያበቃም።

የጎደለውን ለመሙላት የስፖርት አዳራሽ አያስፈልግም። ያንኑ ከወንበር የመነሣት ሥራ 8 ወይም 10 ጊዜ ደጋግሞ፣ አረፍ ብሎ እንደገና መሥራት ይበቃል። የሚከብዳቸው ከሆነ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉላቸው፣ ሲበረቱ ትራሱን አንሡት። ዋናው ብልሃት ሲቀመጡ ነው፤ ዱብ ማለት ሳይሆን እስከ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መውረድ ጡንቻውን በእጅጉ ያሠራዋል፣ ድምፅ አውጥቶ መቁጠሩም ትንፋሽን እንዳያፍኑ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፣ ቀጥሎም አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስጠግቶ መቆም ይቻላል፤ መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ በኋላ በአንድ እጅ፣ ሲለምዱት በጣት ብቻ እየያዙ። በማግስቱ ጭን ቢዝል የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ቆሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ምርኩዝን በተመለከተ በየቦታው የማየው ስሕተት አለ። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው ባለው እጅ ነው፤ ክንድን ወደ ታች ለቅቀው ቀጥ ብለው ሲቆሙም እጀታው ከእጅ አንጓ ትይዩ መሆን አለበት። ከወንድም የተወረሰ ምርኩዝ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፣ ትከሻንም ያጎብጣል።

ስለ መውደቅ ስታስቡ ከሁሉ በፊት ሌሊቱን አስቡ። በእንቅልፍ ልብ ከአልጋ ድንገት ሲነሡ የደም ግፊት ዝቅ ይልና ዓይን ይጨልማል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጠው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አንቀሳቅሰው እንዲነሡ ንገሯቸው፤ መንገዱም ላይ ትንሽ መብራት አድርጉ። የሚንሸራተቱ ምንጣፎችን አንሡ። የእንቅልፍ ኪኒንና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የመውደቅን ስጋት ስለሚጨምሩ፣ የሚወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሐኪሙ አንድ በአንድ እንዲመለከተው አድርጉ። በዚያው ስለ ቫይታሚን ዲም ጠይቁት፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ፀሐይ በማይበረታበት አገር ቤት ውስጥ ሲከርም እጥረቱ በቀላሉ ይገጥመዋል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ከተቻለ አስተርጓሚ ይኑር እንጂ ልጅ አያስተርጉም። ብዙ እናቶች ልጄ ይጨነቃል ብለው የወደቁትን ይደብቃሉ፤ ክንዳቸው ላይ ያለውን ብልዝ አይቼ ስጠይቅ «በሩ ነው የመታኝ» ያሉኝን ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ደግሞ በፍርሃት እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ እግሩም ይበልጥ ይዝላል።

ስለዚህ ከወደቁ በኋላ መነሣትንም አስቀድሞ መለማመድ ይጠቅማል፤ አዲስ የዳሌ ወይም የጉልበት ቀዶ ጥገና ያለባቸው ግን ፊዚዮቴራፒስታቸውን ሳያማክሩ አይሞክሩት። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ፣ እናንተም አጠገባቸው ተኝታችሁ ጀምሩ፦ ተቻኩሎ አለመነሣት፣ የተጎዳ ነገር እንደሌለ ማየት፣ በጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ወደማይንሸራተት ወንበር መዳህ፣ ሁለት እጅን መቀመጫው ላይ ማሳረፍ፣ የበረታውን እግር ከፊት መትከል፣ ከዚያ ገፍቶ መነሣትና ዞሮ መቀመጥ። 50 ዓመት የሞላችሁ ልጆችም ሞክሩት፤ የእናንተም ጉልበት የምታስቡትን ያህል እንዳልሆነ በዚያው ታውቁታላችሁ።