ከላይኛው ጎረቤት ለሚመጣ ውሃ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ላይኛው ጎረቤትሽ ጓሮው ላይ አፈር አስደፍቶ ከፍ ካደረገው ወዲህ ቤዝመንትሽ ውሃ እየገባ ነው። ካውንቲው ያስቆመዋል ወይስ ልክሰሰው ነው ያልሽው። እኛም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት በገዛን በሁለተኛው ዓመት ምንጣፋችን ረጥቦ አድሮ አይተናል፤ ጭንቀትሽ ይገባኛል።

በሜሪላንድ ሕግ ከላይ በተፈጥሮ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ታች ያለው ሰው መቀበል አለበት። ላይ ያለው ደግሞ አፈር ደፍቶ ወይም ቱቦ ቀብሮ፣ ውሃውን አብዝቶ ወይም አንድ ቦታ ሰብስቦ አንቺ ላይ መልቀቅ አይችልም። ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆችሽ የሚነግሩሽን ግን እንዳትወስጂ፤ የእነሱ ሕግ ሌላ ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ 5,000 ስኩዌር ጫማ መሬት ወይም 100 ኪዩቢክ ያርድ አፈር የሚነካ ሥራ ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙ ገልባጭ መኪና ሲመላለስ ካየሽ ወደ ካውንቲው ስልክ 311 ደውለሽ ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ። ሥራው ከዚያ ካነሰ አብዛኛውን ጊዜ «የሁለታችሁ ጉዳይ ነው» ነው የሚሉሽ።

ከመክሰስሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ዝናቡ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና እይ። እኔ ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን ስወቅስ ኖሬ አንድ ቀን ወጥቼ ቆምኩ። ውሃው ድሮ የሚያልፈው በሁለቱ ቤቶች መሀል ባለች ትንሽ ቦይ ነበር። እኛ ጎመንና በሶብላ ልንተክል ብለን መደብ ሠርተን ዘግተናታል። ውሃው መደቡ ጋ ሲደርስ ይቆምና ታጥፎ ወደ ግድግዳችን ይሄዳል። የአሸንዳችን ቱቦም እዚያው መሠረቱ ሥር ይተፋል። 1,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲጥል ከ600 ጋሎን በላይ ውሃ ነው!

መደቡን አነሳን፣ ቦይዋን ከፈትን፣ ቱቦውን አረዘምን። ከግድግዳው እስከ 10 ጫማ ድረስ መሬቱ 6 ኢንች ዝቅ እንዲል አደረግን፤ የግንባታ ኮዱም የሚለው ይሄንኑ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት 811 መደወል አትርሱ፤ በነጻ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ያሳዩዋችኋል።

ከዚያ በኋላም ከጎረቤቴ ቱቦ የሚመጣ ትንሽ ውሃ ቀረ። በዝናብ የቀረጽኩትን ቪዲዮ አሳየሁት። «አላውቅም ነበር» አለና በዚያው ቅዳሜ ቱቦውን ወደ መንገድ አዞረው።

ያንቺ ውሃ እውነትም ጎረቤትሽ ካስደፋው አፈር የመጣ ከሆነ ቀን ያለበት ቪዲዮ፣ አፈሩ ከመደፋቱ በፊት የተነሳ ፎቶና የቦታሽን ፕላን ሰብስቢ። ፕላኑ ላይ የውሃ መውረጃ ተብሎ የተከለለ መስመር ካለ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጠበቃ ጋ ከመሄድሽ በፊት በሪኮማንዴ ደብዳቤ ጻፊለት። ኢንሹራንስ ላይ አትተማመኚ፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከመሬት ላይ ለሚገባ ጎርፍ አይከፍልም።

በሚቀጥለው ዝናብ የቀረጽሽውን እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።