ልጁ ባይናገርም ጓደኛ ይኑረው

ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታሪክ ለምትጽፉ ወጣቶች፣

ብዙ ዓመት በአርታኢነት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን በምትልኩልኝ ድርሰቶች ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደጋግሜ አያለሁ። ደስ ብሎኛል። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ በታሪክ ቀርቶ በደጅም አይታይም ነበር፤ በር ተዘግቶበት ነው የሚያድገው። ብዙዎቻችን ቃሉን የሰማነው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ ነው። እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንዲት ወጣት ታሪክ አረምኩ። ልጁ አይናገርም። ጓደኛው አጠገቡ ቁጭ ይላል፤ አብረው ጠጠር ይደረድራሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግን «ጸሎቱ ይሰማና ልጁ ይናገር» ብዬ መጨረሻውን አስቀየርኳት። ከታተመ በኋላ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። «የኔ ልጅ ካልተናገረ ጓደኛ አያገኝም ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በተአምር አምናለሁ። ግን ታሪክ ለመጨረስ ብላችሁ ተአምር አትጥሩ። የሚያነበው ልጅ ነገ ጠዋት ሲነሳ ኦቲዝሙ አብሮት ነው። ወላጆቹም «ምን በድለን ይሆን?» ሲሉ ያደሩ ናቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ማርቆስ 7 ነው። ጌታ ደንቆሮውንና ኮልታፋውን ሰው ከመፈወሱ በፊት ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ዘልዬ አልፌያታለሁ! ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከበሮውና ድምፅ ማጉያው ጆሮውን ሊያሳምመው ይችላል። ጆሮውን ይዞ ሲጮህ «መንፈስ ነው» የሚል አይጠፋም። በታሪካችሁ ውስጥ ግን ጓደኛው ነገሩ ይገባዋል። መነካት እንደማይወድ ስለሚያውቅ እጁን አይጎትትም። አብሮት ይወጣና ዛፉ ሥር ይቀመጣል።

ልጁም የራሱ ፍላጎት ይኑረው። ይቀየም፣ ያጥፋ፣ ይሳቅ። የጓደኛው ደግነት ማሳያ ብቻ አይሁን። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ እንዲህ ካለ ልጅ ጋር ጊዜ አሳልፉ። ዓይናችሁን ባያይ አትከፉ፤ እሱ እየሰማችሁ ሊሆን ይችላል።

ያቺ ወጣት የድሮውን ረቂቅ ጠብቃ አቆይታው ኖሯል። ባለፈው ዓመት እንደገና ስናሳትመው ጠጠሮቹን መለስናቸው።