ኢድ ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ? ለፈረቃ አውጪዎች

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ አዲስ ሥራ ይዤ የፈረቃ ፕሮግራም አውጪ ተብያለሁ። መንግሥት የዓመቱን በዓላት የሚወስነው መቼ ነው?» ብለሻል። አብሽሪ። እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ፈረቃ ሳወጣ ነው የኖርኩት።

መንግሥት በየዓመቱ ተቀምጦ በዓል አይመርጥም። የትኞቹ እንደሚከበሩ በአዋጅ ተደንግጓል፤ ቀኑን የሚሰጠው አቆጣጠሩ ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ሚያዝያ 23 እና 27 ቀናቸው አይለወጥም፤ ዛሬውኑ ጻፊያቸው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። 2016 ላይ እንደዚያ ነበር። ስቅለትና ፋሲካን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኗ የቀን ስሌት፣ አስቀድሞ ያወጣቸዋል።

የሚያስጨንቅሽ ኢድ አልፈጥር ነው። ረመዳን 29 ማታ ጨረቃ ከታየች በነጋታው ኢድ ነው፤ ካልታየች 30 ይሞላል። መጅሊሱ የሚያሳውቀው በዚያው ማታ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ቀን የሚሆን ፈረቃ ቀድመሽ አውጪና ለሠራተኛው አሳውቂ። አረፋ አያስቸግርም፤ የዙልሂጃ ጨረቃ ከታየች በኋላ ዐሥረኛው ቀን ነው፣ ጊዜ ይሰጥሻል። መውሊድም እንደዚያው። ሦስቱም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድሙ ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም አትገልብጪ።

እነዚህን ሦስቱን አደራ፣ በቸልታ አትያዢያቸው። በንጉሡ ዘመን ብሔራዊ በዓል አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረውት ነበሩ። በዓላቱ የታወጁት ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ነው። አንድ ቤት ውስጥ ፋሲካም ኢድም በሚከበርበት ወሎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኛ አባቶች በኢድ ቀን ሥራ ገብተው ያውቃሉ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በበዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። በዓሉ እሑድ ላይ ቢውል ሁለት ጊዜ አይታሰብም፣ ምትክ ዕረፍትም አትጠብቂ።

መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን ማርያም የሚወጣው፣ ለመውሊድ እዚሁ ወሎ ወዳለው ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ነው። ግሸን ከነጭራሹ በበዓላቱ አዋጅ የለም፤ የጀማ ንጉሥ መንገደኛም አንድ ቀን አይበቃውም። ሁለቱንም ከዓመት ፈቃድ ላይ አስቢላቸው፤ ማን እንደሚሄድ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ የቀረውን ሰው በሦስቱ ፈረቃ አከፋፍዪ።