ወንዝ ዳር ያለው ቁጥቋጦ አሃያ ነው ወይ? ብተክለው ጎርፍ ይይዝልኛል?

ከሀረር ወረድ ብሎ ኤረር ወንዝ ዳር የሚያርስ ወንድማችን ጎርፍ የጫት ማሳዬን ጠርዝ እየበላው ነው፣ ወንዙ ዳር ቅጠለ ቀጭን ቁጥቋጦ አለ አሃያ ነው ይሉኛል፣ ልትከለው? ፍየሎቼስ ቢበሉት? ብሎ ጠይቋል።

ከፍየሎቹ ልጀምር፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ድሬም ሀረርም ለግቢ ማሳመሪያ የሚተከል፣ ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ኦሊያንደር የሚባል ተክል አለ፣ ቅጠሉ ከሩቅ ከአሃያ ጋር ይምታታል ግን መርዝ ነው፣ ትንሽ ቅጠል ፍየል ይገላል፣ ቢደርቅም መርዙ አይለቅም። የሱ ቅጠል ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ልሙጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ሶስት ሆኖ ካንድ ቦታ ይወጣል። አሃያ (በኦሮምኛ አለልቱ የሚሉት፣ በሳይንሱ ሳሊክስ ሙክሮናታ፣ የድሮ መጽሐፍ ላይ ሳሊክስ ሰብሰራታ) ቅጠሉ አንድ ባንድ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው፣ ጠርዙን በጣትህ ብትዳስሰው ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ላዩ ያብረቀርቃል ታቹ ገርጣ ያለ ነው። አበባው የአይጥ ጭራ ነው የሚመስለው፣ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ላይ ነው፣ ሴቴዋ ስታፈራ ነጭ ጥጥ ያለው ዘር ትበትናለች። አሃያ ከሆነ ፍየሎቹ ይብሉት ችግር የለውም።

ዘሩን ለቅሞ መዝራት ግን ልፋት ነው፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ቅርንጫፍ ይሻላል፣ አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቆርጠህ፣ የታችኛውን ጫፍ ሳታገላብጥ ከግማሽ በላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ትቀብረዋለህ፣ በቃ ስር ይሰዳል። ጊዜው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ክረምት ሲገባ ይተክልና የመጀመሪያው ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። በበልግ ዝናብ ትከለው፣ ክረምቱ ሳይደርስ ስር እንዲይዝ፣ እስከዛ ደግሞ ፍየል እንዳታስጠጋ።

ዳሩ ገደል ሆኖ ከስር የተቦረቦረ ከሆነ አሃያ ብቻውን አይችለውም፣ መጀመሪያ ዳሩን ቆርጠህ ተዳፋት አርገው፣ ግርጌውን በድንጋይ ወይ በጋቢዮን (ድንጋይ የሞላ የሽቦ ቅርጫት) ያዘው። ደግሞ ውሃ ይወዳል፣ በጋውን ሙሉ አሸዋው የሚደርቅበት እንደ ድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ያለ ቦታ ልትከል ብትል ይደርቅብሃል፣ አንተ ጋ ኤረር ዳር እርጥበቱ በጋም ካለ ግን ይሆናል። ውሃ ስለሚሻማ ከጫቱ ራቅ አርገው፣ ሲያድግም እየቆረጥክ አጭር አርገህ ያዘው፣ ከግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የምትቆርጠው ለፍየሎቹ ይሆናል።