ለነጭናጫ አለቃና ላኮረፈ ልጅ የሚሆነው የእንግሊዝኛ ቃል
ጠዋት ጠዋት ለሚነጫነጨው አለቃህ «ግራምፒ» በል። ተቆጥተኸው ዝም ላለህ ልጅህ ደግሞ «ሰለን»። ሁለቱንም «አንግሪ» ብትላቸው አይጥምም፤ እሱ በግልጽ ለተቆጣ ሰው ነው።

ግራምፒ ቀለል ያለ ቃል ነው፣ እየሳቁም ይባላል። ቡናውን ሳይጠጣ ሰላም ሲሉት የሚያጉረመርመውን ሰው አስብ። ሰለን ግን ፊቱን አጥቁሮ መልስ የሚነፍግ ነው። ልጁ ያኮረፈው እንድታባብለው ከሆነ «ሰልኪ» የበለጠ ይገልጸዋል። «ክራንኪ»ን አሜሪካኖች እንቅልፍ ላጣ ሕፃን ሳይቀር ይሉታል፤ እንግሊዞች ዘንድ ግን ወጣ ያለ ሐሳብ ላለው ሰውም ይሆናል። «ግሉሚ» ውስጥ ቁጣ የለም፣ ጭፍግግ ያለ ስሜት ነው፤ ለደመናማ ቀንም ያገለግላል። ጨፍጋጋና ዝምተኛ ማለት የሆነውን «ሞሮስ»ን ለመጽሐፍ ተወው።

ሥራ ቦታ ግን «ሙዲ»ን ተጠንቀቅበት። ስሜቱ የሚለዋወጥ ሰው ማለት ስለሆነ ጠባዩን መንቀፍ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለቃችንን በቀልድ ሙዲ ብሎት ቀልዱ አልተወደደለትም። አለቃህን የከፋው ዛሬ ብቻ ከሆነ «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ባድ ሙድ ቱዴይ» በቂ ነው። እሱንም ቢሆን በሌለበት።