በአየር የሚተኩስ መጫወቻ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ብስክሌት መንፊያ ሁለት መስመር ብጽፍ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ከጎማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግማሾቻችሁ ኤርሶፍት ልትሠሩ ነው! ለማታውቁት፣ ኤርሶፍት 6 ሚሊሜትር የምታህል የፕላስቲክ ኳስ በአየር ወይም በጋዝ ግፊት የሚወረውር መጫወቻ ጠመንጃ ነው። የተጀመረው ጃፓን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። በሉ እንግባበት።

ጋሼ፣ ከፒቪሲ ቱቦ የአየር ማጠራቀሚያ ሠርቼ ጎሚስታ ጋ ላስሞላ ነው። ቱቦው 10 ባር ይላል፣ እኔ 7 ብቻ ነው የማስሞላው። ችግር አለው? (ከአዳማ)

አለው። እንዳታደርገው።

ቱቦው ላይ የተጻፈው 10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ለውሃ ነው። ውሃ ሲጨመቅ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ፊጭ ይልና ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ልብስህ ይርሳል፣ አለቀ። አየር ግን እንደተጨመቀ ሞላ ነው። በ7 ባር የታጨቀ 1 ሊትር አየር በአንዴ ሲለቀቅ ወደ 900 ጁል ጉልበት ይወጣዋል። አንዲት የኤርሶፍት ኳስ ይዛ የምትሄደው 1 ጁል ገደማ ነው። ዘጠኝ መቶ ጥይት በአንዴ ጭንህ ላይ እንደማስቀመጥ ቁጠረው።

ፒቪሲ ደግሞ እንደ ብረት አይላላም፣ እንደ ብርጭቆ ነው የሚበተነው። ሙቀትም አይወድም። 60 ዲግሪ ሲደርስ ከተጻፈለት አቅም የሚቀረው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአዳማን ፀሐይ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የዋለ ቱቦ ምን እንደሚመስል አልነግርህም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይህን ቱቦ ከመሬት በላይ ለታመቀ አየር እንዳትጠቀሙ ብሎ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ጎሚስታ ጋ ስትሄድ አንድ ነገር ልብ በል። ልምድ ያለው ሰው የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ ፊት ለፊት አይጎነበስም፣ ገለል ብሎ ከጎን ነው የሚቆመው። ለምን እንደሆነ ጠይቀው። ከእኔ የተሻለ ይነግርሃል።

ታዲያ ምንም ሳልሠራ ልቀር? ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንሠራው ነገር ንገረን። (ከደብረ ብርሃን)

አትቀሩም። ዋናው ነገር አየር አለማጠራቀም ነው። እጃችሁ ገፍቶ፣ ያው ግፊት ወዲያው ይውጣ። እኛ ልጅ ሆነን በእስክሪብቶ ቀፎ እንሠራው ነበር።

ቀለሙን አውጡና ሁለቱም ጫፍ የተከፈተ ባዶ ቀፎ ያዙ። አንዳንዱ እስክሪብቶ ወገቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት አለችው። እሷን በፕላስተር ድፈኑ፤ እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ስንት ድንች አበላሽቻለሁ። ድንቹን በጣት ውፍረት ቆርጣችሁ ቀፎውን አንዴ በዚህ ጫፍ፣ አንዴ በዚያ ጫፍ ውጉበት። አሁን ሁለት ውታፍ አላችሁ፣ መሀላቸው አየር ታስሯል። የኋለኛውን ቀጥ ባለ ቀጭን እንጨት ግፉ። መሀል ያለው ቦታ በግማሽ ሲያጥር ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። የፊተኛው ውታፍ መያዝ ያቅተውና ጧ! ማንም ሳይነካው ይወጣል። ወንድምህን የሚያስደንቀው ይሄ ነው፤ የገፋኸው ሌላ፣ የተተኮሰው ሌላ።

እንጨቱ ከቀፎው ትንሽ ይጠር። ያኔ የኋለኛው ውታፍ ውስጥ ይቀርና ለሚቀጥለው ተኩስ የፊተኛ ይሆናል። ድንች ነው ብላችሁ ግን ወደ ፊት አታነጣጥሩ። ዓይን ድንችም አይችልም።

የኩሽኔታ ኳስ ብጠቀምስ? ልኩ ይገጥማል። (ከመርካቶ)

በፍጹም! የፕላስቲኳ ኳስ 0.2 ግራም ናት። ያው 6 ሚሊሜትር የብረት ኳስ ወደ 0.9 ግራም ይመዝናል። የፕላስቲኳ ግድግዳ ስትመታ ጉልበቷ ይደክማል፣ ብረቱ ግን ነጥሮ ወደ ራስህ ይመጣል።

ጉልበት ስለማስላት ለጠየቃችሁም እዚሁ ልመልስ። የክብደቱ ግማሽ (በኪሎ ግራም) በፍጥነቱ ስኩዌር ይባዛል። 0.2 ግራም በሴኮንድ 100 ሜትር ስትበር በትክክል 1 ጁል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጃፓን ለ6 ሚሊሜትር ኳስ የፈቀደችው ጣሪያ 0.98 ጁል ነው። መነጽር ከፈለጋችሁ «ዜድ 87» የሚል ምልክት ያለበትን የሥራ መነጽር ፈልጉ። የፀሐይ መነጽር ራሱ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ኳስ ዓይኑን የመታው ሰው ካለ አትሹት፣ አትጫኑት፣ በውሃ አትጠቡት። ንጹህ የወረቀት ኩባያ ሳይነካው ከልሉበትና ቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም።

ሆፕ አፕ የሚሉት ምንድን ነው? አዲስ አበባ ብንጫወት ለውጥ አለው? (ከፍራንክፈርት)

አፈሙዙ መነሻ ላይ ከላይ በኩል የምታብጥ ትንሽ ጎማ ናት። ኳሷን አናቷ ላይ ትዳብሳትና ወደ ኋላ እየተሽከረከረች እንድትወጣ ታደርጋታለች። ያ ሽክርክሪት ኳሷን ወደ ላይ ያነሳታል፣ ቶሎ አትወድቅም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከፍራንክፈርት ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ኳሷን የሚጎትታት ይቀንሳል፣ የሚያነሳትም ይቀንሳል። ሆፕ አፑን እንደገና ማስተካከል የግድ ነው። መሣሪያውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ግን የሚቀጥለውን አንብብ።

እቤት መሥራት ሕግ ይከለክላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መሥራትም መያዝም ወንጀል ነው። የድንች ውታፍ አይመለከተውም። ጠመንጃ የሚመስል፣ ጉልበት ያለው ነገር ስትሠራ ግን ፖሊስ ፊት «መጫወቻ ነው» ብሎ ማስረዳት ያንተ ዕዳ ነው። ከውጭ ለማምጣትም ጉምሩክን ቀድመህ ጠይቅ።

የ13 ዓመት ልጄ የገዛውን ኤርሶፍት ብርቱካናማ ጫፍ ጥቁር ቀባው። «ያምራል» ይላል። ልቆጣ ወይስ ልተወው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱበት። እዚያ አሜሪካ ያ ጫፍ የተቀመጠው ለማሳመር አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ ኤርሶፍት ይዞ ነበር። ብርቱካናማው ጫፍ የለበትም። ፖሊስ ደርሶ በሴኮንዶች ውስጥ ተኮሰበት፤ ልጁ በማግስቱ ሞተ። ጫፉ ቢኖርም ይተርፍ ነበር ማለት አልችልም። የእርስዎ ልጅ ግን መንገድ ላይ፣ መናፈሻ ላይ፣ መኪና ውስጥ ይዞት አይታይ። ቁጣ ብቻ አይበቃም፤ ቁጭ አድርገው ይህንን ታሪክ ይንገሩት።

የአየር ጠመንጃ ለእውነተኛ ጦርነት ውሎ ያውቃል? (ከባሕር ዳር)

አዎ። ጂራርዶኒ የሚባል ሰው የሠራው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ በኦስትሪያ ጦር ውስጥ ነበር። አየሩ የሚታመቀው ሰደፉ ውስጥ ነው፤ ካዝናው 20 ያህል ጥይት ይይዛል። ሌዊስና ክላርክ የአሜሪካን ምዕራብ ሲያስሱም አንድ የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር። ታዲያ አንዱን ሰደፍ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል በእጅ መንፋት ያስፈልግ ነበር። ወታደሩ ከመዋጋቱ በፊት ደክሞታል!