ጉበቱ ነው ወይስ ጡንቻው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ በጥቅምት መጨረሻ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው፤ ሦስት ጋቢ ደርበንለት እንኳ አልጋው እስኪነቃነቅ ይንዘፈዘፍ ነበር። ደሙ ሲታይ ወባ ተገኘበት፣ መድኃኒት ጀመረ። የጉበት ምርመራው ግን ኤስጂኦቲ 148፣ ኤስጂፒቲ 52 ይላል፤ ሁለቱም ከ40 ማለፍ የለባቸውም ተባልን። ጎረቤት «ጉበቱ አልቋል፣ የአገር መድኃኒት አጠጡት» እያለ እናታችን እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ይህን ለእናትሽም አንብቢላት። የአገር መድኃኒቱን አታጠጡት። ምን እንዳለበት፣ ምን ያህል እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ደህናውን ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤስጂኦቲ የሚጻፈው «የጉበት ምርመራ» በሚለው ወረቀት ላይ ስለሆነ ሰው የጉበት ብቻ ይመስለዋል፤ ግን ጡንቻ ውስጥም፣ ልብ ውስጥም፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ይበልጥ የጉበት የሆነው ኤስጂፒቲ ነው፣ እሱ ደግሞ የወንድምሽ ትንሽ ነው ያለፈው። ሁለቱ እንዲህ ሲራራቁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደሙና ወደ ጡንቻው ነው። ወባ ቀይ የደም ሴል ያፈነዳል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ደም ይፈሳል። ጡንቻው ደግሞ ሳምንታት ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ከርሟል፣ በዚያ ላይ ትኩሳቱና መንዘፍዘፉ መጣበት። መንዘፍዘፍ እኮ ጡንቻ ያለ ፈቃዱ የሚሠራው ከባድ ሥራ ነው። መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቶ ከሆነም ይጨምራል። አረቄ ይጠጣል? አልኮልም ይህን የመሰለ ልዩነት ያመጣልና ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።

ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ እንዲያዝለት ጠይቁ፤ እዚያ ከሌለ ደሴ ጠይቁ። ሲኬ የጡንቻ ኢንዛይም ነው፣ ጉበት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እሱ ከፍ ብሎ ከተገኘ የጡንቻው እጅ እንዳለበት እናውቃለን። ወባ ጉበትን አይነካም እያልኩ አይደለም፣ ይነካል፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱን ጨርሶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራው መደገም ያለበት።

ፓራሲታሞል ላይ ተጠንቀቁ። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አያልፍም፤ ለእሱ ሐኪሙ ያነሰ ሊያዝ ይችላል።

ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ካነሰ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከቀባጠረ፣ የዋጠውን ክኒን ካስመለሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። የጠቆረ ሽንት ኩላሊትን የሚጎዳ ነገር እየፈሰሰ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ብርዱ ከሳምንታት በኋላ ከተመለሰም ደሙ እንደገና ይታይ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሳል። ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቆ አድሮ ልብሱ ላይ ቅማል ከነበረ ደግሞ ለላብራቶሪው ንገሩ፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የሚባል የትኩሳት በሽታም እንደዚሁ ያንዘፈዝፋል፣ በደም ምርመራም ይታያል፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።